«አነባለሁ፣ በማግስቱ ይጠፋብኛል»፦ ባዮሎጂን በስምንት ሳምንት ስለመከለስ

ጥያቄው የመጣው ከኩታበር ነው። እንዲህ ይላል፦

«ቲቸር፣ የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ለኢንትራንስ ስምንት ሳምንት ቀርቶኛል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ባዮሎጂ ነው። 9ኛ ክፍል እያለሁ ትምህርት ተቋርጦ ስለነበር መሠረቱ የለኝም። አነባለሁ፣ በማግስቱ ይጠፋብኛል። የአራት ዓመት ትምህርት በስምንት ሳምንት እንዴት ልከልስ? ከየትስ ልጀምር?»

አብሽሪ እህቴ። ስምንት ሳምንት ቀላል ጊዜ አይደለም። ደሴ ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ይህንኑ የሚጠይቀኝ ተማሪ አላጣም። ያንቺን ግን ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ «ይጠፋብኛል» ስላልሽው። የሚጠፋብሽ ጭንቅላትሽ ደካማ ሆኖ አይደለም። ስታነቢ መጽሐፉ ፊትሽ ተዘርግቷል። ዓይንሽ ቃሉን ያያል፣ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ይላል። ገበያ መሀል አንድ ሰው አይተሽ መልኩን ታውቂውና ስሙ ግን አልመጣልሽ ይላል አይደል? ፈተናው የሚጠይቅሽ ስሙን ነው። አንቺ ደግሞ ስትለማመጂ የከረምሽው መልኩን ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አጠናንሽን ገልብጪው። አንድ ርዕስ አንዴ አንብቢ። መጽሐፉን ክደኚ። ባዶ ወረቀት አውጪና የምታስታውሺውን ሁሉ ጻፊ፣ ሳዪ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ ላይ ወረቀቱ ግማሹ ባዶ ይቀራል፤ አትደንግጪ። ከዚያ መጽሐፉን ግለጪና የጎደለውን በቀይ እስክሪብቶ ሙዪ። ያቺ ቀይዋ ያንቺ ክለሳ ናት። በማግስቱ ቀዩን ብቻ ጠይቂ። ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና። ከሳምንት በኋላ እንደገና። ሾርት ኖት አሳምሮ በቀለም መጻፍ ደስ ይላል፣ ግን ከመጽሐፍ ወደ ደብተር መገልበጥ ብቻ ከሆነ እጅ ይደክማል እንጂ ጭንቅላት አይሠራም። እኔም ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ተማሪዎቼን ኖት ሳስጽፍ እውል ነበር። ደብተራቸው ሞልቶ ፈተና ላይ ሲቸገሩ ሳይ ነው የተውኩት።

ሁለተኛው ነገር፣ በክፍል ቅደም ተከተል አትሂጂ። ከ9ኛ ጀምረሽ ገጽ በገጽ ከሄድሽ 10ኛ ላይ ጊዜው ያልቅብሻል። ከሴል ጀምሪ። ከሴል ወደ ኢንዛይም፣ ከዚያ ወደ ፎቶሲንተሲስና ሪስፓይሬሽን፣ ከዚያ ወደ ሴል ክፍፍል፣ ጄኔቲክስና ፕሮቲን አሠራር። እነዚህ አንዱ ያንዱ እናት ናቸው፤ አንዱን ስትይዢ ሌላው ይጎተትልሻል። የሰው አካል፣ ኢኮሎጂ፣ ረቂቅ ህዋሳትና ኢቮሉሽን ከዚያ በኋላ ይቀልሉሻል። 9ኛ ክፍል ያመለጠሽም ዋናው ይሄው የሴል ትምህርት ነው። ስለዚህ ከሴል ስትጀምሪ ያመለጠሽን እግረ መንገድሽን ትሞያለሽ።

በየርዕሱ ደግሞ አራት ነገር ጠይቂ። ምን ገባ? ምን ወጣ? የት ተፈጸመ? ቢቆምስ ምን ይሆናል? ከአራቱ ለአንዱ መልስ ካጣሽ ርዕሱን ገና አልያዝሽውም ማለት ነው። ባዮሎጂን ሸምድዶ መጨረስ አይቻልም። በእነዚህ አራት ጥያቄዎች ስታነቢው ግን ታሪክ ይሆናል፣ ታሪክ ደግሞ አይረሳም።

አሁን ዛሬ ማታ የምትሠሪው ነገር ልስጥሽ። አንድ ድንች ላጪና በትንሿ ጣትሽ ልክ ሁለት ቁራጭ አድርጊ። ሁለት ብርጭቆ አምጪ። አንዱ ላይ ንጹሕ ውኃ፣ ሌላው ላይ ሦስት ማንኪያ ጨው የሟሟበት ውኃ አድርጊ። በእያንዳንዱ አንድ ቁራጭ ጨምሪና አሳድሪው። ጠዋት አውጥተሽ ጎንበስ ለማድረግ ሞክሪ። አንዱ ቀጥ ብሎ ይጠነክራል፣ ስታጎብጪው ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ሌላው እንደ ራሰ ገመድ ይተጣጠፋል። የትኛው የትኛው እንደሚሆን አልነግርሽም። አስቀድመሽ ግን ግምትሽን ጻፊ።

ይሄ ኦስሞሲስ ነው። ውኃ በከፊል በሚያሳልፍ ሜምብሬን በኩል፣ ውኃ ከበዛበት ወደ ውኃ ያነሰበት ይሄዳል። ቋንጣ ስትሠሩ ሥጋው ጨው ተነስንሶበት ውኃ የሚያወጣው፣ የተከተፈ ቲማቲም ላይ ጨው ሲደረግ ሳህኑ ውኃ የሚያቁረው በዚሁ ምክንያት ነው። ፈተናው ላይ ተማሪ የሚሳሳተው «ሃይፐርቶኒክ» እና «ሃይፖቶኒክ» የሚሉት ላይ ነው። ቃሎቹ የሚገልጹት አብዛኛውን ጊዜ ሴሉ የተቀመጠበትን ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ሃይፐርቶኒክ ከሆነ፣ ማለትም ከሴሉ ይልቅ ጨው ወይም ስኳር ከበዛበት፣ ውኃ ከሴሉ ይወጣል፤ ሃይፖቶኒክ ከሆነ ደግሞ ወደ ሴሉ ይገባል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ ይሄ ነው፦ ቀይ የደም ሴልና የተክል ሴል ንጹሕ ውኃ ውስጥ ቢገቡ ምን ይሆናሉ? ቀይ የደም ሴሉ አብጦ ይፈነዳል። የተክሉ ሴል ግን ሴል ዎል ስላለው ይወጠራል እንጂ አይፈነዳም። ድንቹን በእጅሽ የነካሽ ሰው ይሄንን መሸምደድ አያስፈልግሽም።

ኢንዛይም ላይ ብዙ አልቆይም፤ ግን አንድ ነገር አጥብቀሽ ያዢ። ሙቀት ሲቀንስ ኢንዛይም ይዘገያል እንጂ አይበላሽም። ሙቀት ሲበዛ ግን ቅርጹ ይፈርሳል፣ ወደ ቦታውም አይመለስም። የተቀቀለ እንቁላል ቢቀዘቅዝ ጥሬ አይሆንም፤ ነገሩ እንደዚያ ነው። ግራፉ ላይ መስመሩ ቀስ ብሎ ወጥቶ ባንዴ የሚወርደውም ለዚህ ነው። ብቅል የሚዘጋጅበት ቤት ካደግሽ ደግሞ ምሳሌው እጅሽ ላይ አለ። እህሉ ርሶ ሲበቅል አሚሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ማልቶስ ስኳር ይሰብረዋል። ብቅል ሲቀምሱት የሚጣፍጠው ለዚህ ነው። ብቅል የሌለበት ቤት ከሆነ ዳቦ አፍሽ ውስጥ ረዘም አድርገሽ አኝኪ። እየቆየ የሚመጣው ጣፋጭነት ያው የምራቅሽ አሚሌዝ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ። ፎቶሲንተሲስና ሪስፓይሬሽን ላይ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሳምንት ስጪ። ብዙ ተማሪ ይሸሻቸዋል፤ የስሙ ብዛት ያስፈራል። እኔ ግን እነዚህን ሁለቱን የያዘ ተማሪ ሌላው ሲከብደው አይቼ አላውቅም።

ከሊጥ ጀምሪ። ሊጥ ሲቦካ ክዳኑን ከፍተሽ አይተሽ ታውቂያለሽ። ላዩ ላይ ትንንሽ አረፋ ኩፍ ኩፍ ይላል፣ ሽታው ይቆመጥጣል። እርሾው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ህዋሳት ስኳሩን እየሰበሩ ነው። አየር እንደልብ በማይገባበት ስለሚሠሩ ስኳሩን እስከመጨረሻው አያቃጥሉትም። ከአንድ ግሉኮስ የሚያተርፉት 2 ኤቲፒ (ሴል ለሥራው የሚከፍለው የኃይል ሳንቲም) ብቻ ነው። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ምጣድ ላይ የእንጀራውን ዓይን የሚያወጣውም እሱ ነው። ኩምጣጤው የአሲዱ ነው፣ በተለይ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ያመጡት። እዚህ ጋ አንድ የፈተና ጥያቄ ተደብቋል። እርሾ ያለ ኦክስጅን ሲሠራ ኢታኖልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ጡንቻሽ ዳገት ስትሮጪ ያለ በቂ ኦክስጅን ሲሠራ ግን ላክቲክ አሲድ ነው የሚያወጣው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የለበትም። ይህችን ልዩነት ብዙ ሰው ያልፋታል።

ኦክስጅን ሲኖር ታሪኩ ይረዝማል። ግሉኮስ መጀመሪያ የሚሰበርበት ግላይኮሊሲስ ሳይቶፕላዝም ውስጥ ይፈጸማል፣ ኦክስጅን አይፈልግም። ክሬብስ ሳይክል ማትሪክስ ውስጥ፣ ማለትም ሚቶኮንድሪያው ውስጥ ባለው ፈሳሽ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወጣው እዚያና ወደ እሱ በሚያስገባው ደጃፍ ላይ ነው። የኤሌክትሮን ትራንስፖርት ቼይን የሚቶኮንድሪያው ውስጠኛ ሜምብሬን ላይ ነው፤ ብዙው ኤቲፒ የሚመረተው እዚህ ነው። ኦክስጅን የሚገባውም እዚህ መጨረሻ ላይ ነው። ኤሌክትሮኖቹን ተቀብሎ ውኃ ይሆናል። የምንተነፍሰው ኦክስጅን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል ብለሽ ከሆነ የምታስቢው ዛሬውኑ አርሚው። በጠቅላላው ስንት ኤቲፒ እንደሚገኝ አንዳንድ መጽሐፍ 36 ወይም 38፣ አዳዲሶቹ ደግሞ 30 ወይም 32 ይላሉ። ከመማሪያ መጽሐፍሽ ጋር ሂጂ፤ በቁጥሩ ጊዜ አትፍጂ።

ፎቶሲንተሲስን በተቃራኒው አንብቢው። ብርሃን የሚፈልገው ክፍል ታይላኮይድ ላይ፣ ማለትም ክሎሮፕላስቱ ውስጥ ባሉት ሜምብሬኖች ላይ ነው። ውኃ ይገባል፣ ኦክስጅን ይወጣል፣ ኤቲፒና ኤንኤዲፒኤች ይመረታል። ኦክስጅኑ የሚመጣው ከውኃው ነው፤ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ አይደለም። ይሄ በየዓመቱ በተለያየ ልብስ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ካልቪን ሳይክል ስትሮማ በሚባለው የክሎሮፕላስቱ ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ እነዚያን ሁለቱን ተጠቅሞ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስኳር ያደርገዋል። ብርሃን ቢቆም ካልቪን ሳይክል ምን ይሆናል? ራሱ ብርሃን አይፈልግም ይባላል፣ ግን ኤቲፒውና ኤንኤዲፒኤቹ ሲያልቅበት ይቆማል። «ቢቆምስ?» የሚለውን ጥያቄ ያስለመድኩሽ ለዚህ ነው።

ሲ-3 እና ሲ-4 ተክሎችን ደግሞ ወሎን እያሰብሽ ያዢ። ቆቦ ሜዳ ላይ ማሽላ ነው። ወደ ደላንታ ስትወጪ ገብስ ነው። ማሽላ ሲ-4 ነው፣ በቆሎም እንደዚሁ፣ ጤፍም እንደዚሁ። ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ሲ-3 ናቸው። ሙቀት ሲበረታ ተክል ውኃ እንዳይወጣበት ስቶማታውን፣ የቅጠሉን ትንንሽ ቀዳዳዎች፣ ይዘጋል። ያን ጊዜ ቅጠሉ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያንሳል። ሩቢስኮ የሚባለው ኢንዛይም ደግሞ ያን ጊዜ ኦክስጅኑን ይይዝና ሥራው ይባክናል፤ ፎቶሪስፓይሬሽን የሚባለው ይሄ ነው። ሲ-4 ተክሎች መጀመሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚይዙት ኦክስጅንን በማይነካ ሌላ ኢንዛይም ነው። ይዘው ወደ ውስጠኛው ሴል ያስገቡትና እዚያ ለሩቢስኮ ያቀርቡለታል። ገበሬው ይህን ስም ሳያውቅ ቆላው ላይ ማሽላን መረጠ። አንቺ ስሙን ጨምረሽ ያዢለት።

ሴል ክፍፍል ላይ የፌዞቹን ስም ሁሉም ይሸመድዳል። ነጥብ የሚያሳጣው ቁጥሩ ነው። የአራቱን ፌዝ ሥዕል በደንብ ስሎ «ከሚዮሲስ አንድ በኋላ ስንት ክሮሞዞም?» ሲባል የሚቆም ተማሪ በየዓመቱ አያለሁ። ጤፍን ውሰጂ። የጤፍ የአካል ሴል 40 ክሮሞዞም አለው። ከሚቶሲስ በኋላ ሁለቱም ልጅ ሴሎች 40፣ 40 ናቸው። ሚቶሲስ አናፌዝ ላይ ግን ክሮማቲዶቹ (የተባዛው ክሮሞዞም ሁለት ክሮች) ተለያይተው እያንዳንዱ እንደ አንድ ክሮሞዞም ስለሚቆጠር ሴሉ ውስጥ ለጊዜው 80 ይሆናል። ከሚዮሲስ አንድ በኋላ 20 ነው፤ እያንዳንዱ ግን ገና ሁለት ክሮማቲድ ይዟል። ከሚዮሲስ ሁለት በኋላም 20 ነው፤ አሁን ነጠላ ሆኗል። ስትቆጥሪ ሴንትሮሜሩን ቁጠሪ፣ አትሳሳቺም። ከዚያ በገብስ ድገሚው፣ እሱ 14 ነው። በባቄላ 12። በሰው 46። ሁለት ቀለም ክር ካለሽ ቆራርጠሽ ጠረጴዛ ላይ እያንቀሳቀስሽ ሥሪው። ክሮሲንግ ኦቨር የሚፈጸመው ፕሮፌዝ አንድ ላይ መሆኑን ክሮቹን ስታጠላልፊ ታስታውሺዋለሽ።

ጄኔቲክስ የሚነበብ ሳይሆን የሚሠራ ነው። እንደ ሒሳብ እስክሪብቶ ይዘሽ ቁጭ በይ። ሜንዴል በ1866 ያሳተመው ሥራ በአተር ላይ የተሠራ ነው። አንድ ባሕርይ ከሆነ 3 ለ1፣ ሁለት ነጻ ባሕርይ ከሆነ 9፣ 3፣ 3፣ 1። እነዚህ የሚመጡት ሁለቱም ወላጆች ሄትሮዛይገስ ሲሆኑ፣ ማለትም ሁለት የተለያየ ዓይነት ጂን ሲይዙ ብቻ ነው። ቴስት ክሮስ ከሆነ፣ ማለትም ሄትሮዛይገሱ ሁለቱም ጂኑ ሪሴሲቭ ከሆነ ጋር ሲዳቀል፣ 1 ለ1 ነው። ጥያቄውን ሳታነቢ 3 ለ1ን አትፈልጊ።

አንድ ምሳሌ አብረን እንሥራ። እናት ቀለም የመለየት ችግር ጂን ተሸካሚ ናት፣ ራሷ ግን ታያለች። አባት ጤነኛ ነው። ጂኑ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ያለ ሪሴሲቭ ነው። ችግሩ ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድላቸው ስንት ነው? ሴቶቹ ልጆች ከአባታቸው ጤነኛ ኤክስ ስለሚወስዱ ማናቸውም አይታመሙም፤ ግማሾቹ ተሸካሚ ይሆናሉ። ወንዶቹ ኤክሳቸውን የሚወስዱት ከእናታቸው ነው፤ ግማሾቹ ይታመማሉ። ስለዚህ «ከወንድ ልጆቻቸው» ካለሽ መልሱ 50 በመቶ ነው። «ከልጆቻቸው» ካለሽ 25 በመቶ ነው። ሁለቱም ቁጥር ምርጫው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅሻል። አንዲት ቃል ናት የምትለያቸው። ደግሞ እያንዳንዱ ወሊድ ለብቻው ነው። ሦስት ጤነኛ ስለተወለደ አራተኛው የግድ ይታመማል ማለት አይደለም።

ፕሮቲን አሠራር ላይ አጭር ልሁን። ኮዶን የኤምአርኤንኤ ባለ ሦስት ፊደል ቃል ነው፤ 64 አለ። 61ዱ አሚኖ አሲድ ይጠራሉ፣ 3ቱ ማቆሚያ ናቸው። ኤዩጂ መጀመሪያ ነው። የዲኤንኤው ቴምፕሌት ቲኤሲ ቢል ኤምአርኤንኤው ኤዩጂ ይላል። በቀን አምስት እንዲህ ያለ ልወጣ ብትሠሪ በሳምንት ውስጥ እጅሽ ይለምደዋል። አርኤንኤ ላይ ቲ የለም፣ ዩ ነው። ይህችን አትርሺ።

የሰው አካል ምዕራፍ ላይ ከሁሉም በላይ ሆሚዮስታሲስን፣ ሰውነት ውስጡን ሚዛኑ ላይ የሚያቆይበትን ሥርዓት፣ ያዢ። እኛ ወሎዎች ደግሞ ይሄንን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም፤ ረመዳንም ሁዳዴም በአንድ ግቢ ውስጥ ነው የሚጾመው። ምግብ በበላሽ ጊዜ ደምሽ ውስጥ ግሉኮስ ይጨምራል። ከጨጓራ ጀርባ ያለው ፓንክሪያስ ኢንሱሊን ያወጣል። ጉበት ግሉኮሱን ግላይኮጅን አድርጎ ያስቀምጠዋል። ጾሙ ሲረዝም ግሉኮስ ይቀንሳል። ፓንክሪያስ ግሉካገን ያወጣል። ጉበት ያስቀመጠውን ግላይኮጅን ሰብሮ ግሉኮስ ወደ ደም ይመልሳል። ከሰዓት በኋላ ያለ ምግብ ቆመሽ የምትሄጂው በዚህ ነው። ሦስቱን ስም ግን ለይ፦ ግሉኮስ ስኳር ነው፣ ግላይኮጅን የተከማቸ ስኳር ነው፣ ግሉካገን ሆርሞን ነው። እነዚህን እያምታቱ ነጥብ የሚያጡ ጎበዝ ተማሪዎች አውቃለሁ።

ውኃ ሳይጠጣ ሲዋል ደግሞ ሽንት ይጠቁራል፣ ያንሳል። ኤዲኤች የሚባለው ሆርሞን ስለጨመረ ነው። ሃይፖታላመስ ያመርተዋል፣ ከፒቱታሪ የኋላ ክፍል ይለቀቃል። የኩላሊቱ ሰብሳቢ ቱቦ ውኃ እንዲያሳልፍ ያደርገዋል፣ ውኃው ወደ ደም ይመለሳል። አፍጥረሽ ውኃ ስትጠጪ ኤዲኤች ይቀንሳል። ነገሩ ወደ ነበረበት የሚመልስ ስለሆነ ኔጌቲቭ ፊድባክ ይባላል።

ከረቂቅ ህዋሳት ወባን በደንብ እይ። ባቲና ቆቦ ያሉ ዘመዶችሽ ያውቁታል። ተማሪ የሚሳሳተው የወሲባዊ መራባቱ የት እንደሚፈጸም ነው። ትንኟ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዋናዋ አስተናጋጅ፣ ዴፊኒቲቭ ሆስት የምትባለው፣ ሴቷ አኖፊለስ ናት። ሰው መካከለኛ ነው። ትንኟ የምታስገባው የወባ ተሕዋስ፣ ስፖሮዞይት፣ መጀመሪያ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ እዚያ ተባዝቶ የሚወጣው ሜሮዞይት ከዚያ ወደ ቀይ የደም ሴል። ቫይቫክስ የሚባለው ዝርያ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ዳግም ይነሳል፤ ፋልሲፓረም ይህን አያደርግም።

ኢኮሎጂ ላይ ቁጥር ካለ የ10 በመቶውን ሕግ ተጠቀሚ። አቡነ ዮሴፍ ወይም ቦረና ሳይንት ተራራ ላይ ያለውን ቀይ ቀበሮ አስቢ። ሣሩ 10,000 ኪሎ ጁል ቢይዝ፣ ሣሩን የሚበላው አይጥ ወደ 1,000፣ አይጡን የሚበላው ቀበሮ ወደ 100 ይደርሰዋል። ቀሪው በሙቀትና በቆሻሻ መልክ ይወጣል። ቀበሮው ቁጥሩ የሚያንሰውና ሰፊ ቦታ የሚፈልገው ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባሻል።

ናይትሮጅን ሳይክል ግን በሥዕል ብቻ አይያዝም። ባቄላ ያለበት ማሳ ስታገኚ አስፈቅደሽ አንድ እግር ንቀዪ። አፈሩን አራግፊ። ሥሩ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬም እንደ ምስርም የሚያካክሉ እብጠቶች ታያለሽ። አንዱን በጥፍርሽ ስንጠቂው። ውስጡ እንደ ሥጋ ቀላ ካለ ራይዞቢየም ባክቴሪያዎቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ ከአየር ናይትሮጅን እየያዙ ነው። አባቶቻችን ባቄላ በነበረበት መሬት ላይ በሚቀጥለው ዓመት ገብስ የሚዘሩት በከንቱ አይደለም። ከዚያ ቀጥሎ አሞኒየም ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይት ወደ ናይትሬት። የመጀመሪያውን ናይትሮሶሞናስ፣ ሁለተኛውን ናይትሮባክተር ይሠሩታል። ናይትሬትን ወደ አየር የሚመልሱት ዲናይትሪፋይንግ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ውኃ የቆመበት፣ አየር ያጣ መሬት ይመቻቸዋል።

ኢቮሉሽን ላይ የቅሪተ አካላቱን ቅደም ተከተል ያዢ። አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመት፣ ሰላም 3.3 ሚሊዮን፣ ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን፣ የሄርቶ ሰው 160 ሺህ ገደማ። ሁሉም ከአፋር ነው የተገኙት፣ ከእኛ ቁልቁል። የላማርክና የዳርዊንን ልዩነትም ያዢ፦ በተፈጥሮ ምርጫ የሚለወጠው ሕዝቡ፣ ማለትም ፖፑሌሽኑ፣ በትውልድ ውስጥ ነው። አንድ ግለሰብ በሕይወቱ እያለ አይለወጥም።

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ብዙ ጎበዝ ልጆች ባዮሎጂውን እያወቁ ጥያቄው ይጥላቸዋል። ስታጠኚ ሐሳቡን ጮክ ብለሽ በአማርኛ ለታናሽሽ ወይም ለእናትሽ አስረጂ፤ እንጀራ እየጋገርሽም ቢሆን ይቻላል። ስሞቹን ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ጻፊ። ጥያቄ ስታነቢ «ኖት» እና «ኤክሴፕት» የሚሉትን ክበቢያቸው። ሦስት ትክክል መልስ አይተሽ የመጀመሪያውን የምታጠቁሪው እነሱን ስታልፊያቸው ነው።

የቆዩ ፈተናዎችን ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ሥሪ። ሰዓት ይዘሽ፣ መጽሐፍ ዘግተሽ። የተሳሳትሽውን ለብቻው ደብተር ላይ ጻፊ፤ ከጎኑ ለምን እንደተሳሳትሽ አንድ መስመር ጨምሪ። «አላወቅኩትም» እና «አውቄው ተቻኮልኩ» አንድ አይደሉም፣ መድኃኒታቸውም ይለያያል። መልሱን ብቻ መሸምደድ ግን ምንም አይጠቅምሽም። «ፈተናው ወጣ» እያለ በቴሌግራም የሚላክ ነገር ሲመጣም አትክፈችው። አንድ ሌሊት ይሰርቅሻል፣ ልብሽን ደግሞ ያሸብረዋል።

ጊዜሽን በተመለከተ፣ ሌሎቹም ትምህርቶች አሉብሽ። ለባዮሎጂ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል በቂ ነው፣ በየቀኑ ከሆነ። መብራት የሚያስቸግር ከሆነ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተሽ ባዶ ወረቀቱን ጎህ ሲቀድ ጻፊ። ማታ ማታ አዲስ ነገር አትጀምሪ፣ የዕለቱን ቀይ ብቻ ጠይቂ። ቤት ውስጥ ሥራ እንደሚበዛብሽ እገምታለሁ። ለእናትሽ ንገሪያቸው፤ «እስከ ፈተናው ይችን አንድ ሰዓት ተኩል ለእኔ ተዉልኝ» ብትያቸው እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ብዙው ተፈታኝ ከቤቱ ርቆ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ስለሚፈተን፣ የመጨረሻዎቹ ቀናት በጉዞና በሰው ብዛት ያልፋሉ። ስለዚህ ክለሳሽን ከጉዞው በፊት ጨርሺ። ይዘሽ የምትሄጂው የስህተት ደብተርሽን ብቻ ይሁን። እንቅልፍሽንም አትቁረጪ፤ የተጠና ነገር የሚረጋው በእንቅልፍ ነው።

አሁን ድንቹን ቁረጪ። ጠዋት የትኛው እንደተሰበረና የትኛው እንደተጣጠፈ፣ ግምትሽስ ትክክል እንደነበር ጻፊልኝ። ከዚያ ወደ ሚቶኮንድሪያ እንሄዳለን።